ያገለገለ ዕቃ በኦንላይን መሸጥ መቼ ነው ንግድ የሚሆነው?

ጠዋት ጠዋት ሰፈር ውስጥ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲያልፍ በር ከፍተው የሚወጡ እናቶች አሉ። የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የማይሠራ ሬዲዮ፣ ያረጀ ጫማ ያወጣሉ። ይከራከራሉ፣ ይሸጣሉ፣ ብሩን ቆጥረው ይገባሉ። እነዚህን እናቶች ነጋዴ ብሎ የጠራቸው ሰው የለም። ቆራሌው ግን ነጋዴ ነው። ሁለቱም በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ በር ላይ፣ በአንድ ዕቃ ነው የተገበያዩት። ልዩነታቸው ምንድነው? እናትየዋ ሬዲዮኑን የገዙት ሊያዳምጡበት ነበር፤ ቆራሌው የገዛው መልሶ ሊሸጠው ነው።

ይህችን ልዩነት ያዙልኝ። ከዚህ በታች የምናወራው ሁሉ ወደሷ ነው የሚመለሰው።

ዛሬ ያ በር ስልክ ውስጥ ገብቷል። በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ፣ በቲክቶክ ገበያው ደርቷል። ቤት የሚቀይር ሰው ፍሪጁን ይለጥፋል። ከሱ ፖስት ቀጥሎ፣ ከሰልባጅ ተራ መርጣ የገዛችውን ጃኬት አጥባና ተኩሳ፣ 400 ብር ጨምራበት የምትሸጥ ተማሪ አለች። ከሷ ቀጥሎ ደግሞ ሰው ሱቅ ገብቶ የስልክ ፎቶ አንስቶ «ዕቃው በእጃችን አለ፣ ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ወጣት አለ። ስክሪኑ ላይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ሕግ ፊት ግን አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድ በሀገራችን ሕግ ዕቃ የሚያስወርስ፣ ከገንዘብ ቅጣት አልፎ እስራት ያለበት ጥፋት ነው። ስለዚህ አልጋውን የሸጠ ሰው በከንቱ መደንገጥ የለበትም። በየሳምንቱ አሥር ስልክ የሚሸጥ ሰው ደግሞ «እኔ እኮ ትርፍ ጊዜዬን ነው» ብሎ መዘናጋት የለበትም።

ሕጉ ነጋዴ የሚለው ማንን ነው?

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ለንግድ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ነጋዴ ማን ነው ሲባል ደግሞ ወደ ንግድ ሕጉ ይመራናል። የ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆነ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የሚመለከቱት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሥራውን ሙያዬ ብሎ መያዝ ነው። ሁለተኛው ትርፍ ለማግኘት መሥራት ነው።

ሁለቱ አብረው መገኘት አለባቸው። ትርፍ ብቻውን ነጋዴ አያደርግም። አንድ ጊዜ ቀንቶህ ላፕቶፕህን ከገዛህበት በላይ ብትሸጠው ሙያ አይባልም።

ንግድ ሕጉ ከሚዘረዝራቸው ሥራዎች የመጀመሪያው ለኛ ጉዳይ ቁልፍ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ዕቃን መልሶ ለመሸጥ መግዛት። እንዳለ ብትሸጠውም፣ አድሰህና አሻሽለህ ብትሸጠውም ያው ነው። ስለዚህ «እኔ እኮ አጥቤ፣ አስጠግኜ ነው የምሸጠው» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። ድለላና የኮሚሽን ሥራም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ዕቃውን በገንዘብህ ሳትገዛ፣ የሰው ዕቃ ለጥፈህ መሀል ላይ ድርሻህን የምትወስድ ከሆነ፣ አየር በአየር ነው ብለህ ከሕጉ አትወጣም።

አንድ የተለመደ ስህተት እዚህ ላይ እናርም። ብዙ ሰው «ፈቃድ ስለሌለኝ ነጋዴ አይደለሁም» ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነጋዴ የሚያደርግህ የምትሠራው ሥራ ነው። ሥራው ንግድ ሆኖ ሳለ ፈቃድ ከሌለህ «ነጋዴ ያልሆነ ሰው» አትባልም፤ «ያለ ፈቃድ የሚነግድ ሰው» ነው የምትባለው።

ግብር ላይ ሲደርስ መረቡ ይሰፋል

ብዙዎች የማያውቁት ነገር እዚህ ጋ አለ። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለ«ንግድ ሥራ» የራሱን ትርጉም ሰጥቷል። ለትርፍ የሚሠራ የንግድ፣ የኢንዱስትሪ ወይም የሙያ ሥራ ሁሉ፣ በተከታታይ ቢሠራም ለአጭር ጊዜ ቢሆንም፣ ንግድ ሥራ ነው ይላል።

«ለአጭር ጊዜ» የሚለውን አስምሩበት። የንግድ ሕጉ ሙያ አድርጎ መያዝን ይጠይቃል፤ የግብር ሕጉ ግን አጭር ጊዜም ይበቃኛል ይላል። ለአዲስ ዓመት ብቻ ተብሎ 50 የልጆች ልብስ አምጥቶ በሁለት ሳምንት ሸጦ የጨረሰ ሰው «ሙያዬ አይደለም፣ ለበዓል ነው» ሊል ይችላል። ግብር ሰብሳቢው ግን «ለትርፍ ነው የሠራኸው፣ አጭር መሆኑ አያድንህም» የሚልበት መሠረት አለው። ስለዚህ «ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ?» እና «ግብር አለብኝ ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው አከራካሪ ሆኖ ሁለተኛው «አዎ» ሊሆን ይችላል።

«ማን ያየኛል?» ለሚል ደግሞ፣ ብሩ የሚመጣው በቴሌብር ወይም በባንክ ነው። እያንዳንዱ ዝውውር ቀን፣ መጠንና የላኪ ስም ይዞ ይቀመጣል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ ለታክስ ባለሥልጣኑ ከሦስተኛ ወገን መረጃ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ዛሬ ያልተጠየቀ ሰው ከዓመታት በኋላ የኋላውን ግብር ከነወለዱና ከነቅጣቱ ሊጠየቅ ይችላል።

ዋጋ ጨምሮ መሸጥስ?

በኛ ሀገር ይህ ጥያቄ ልዩ ነው። በሌላው ዓለም ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ በኪሳራ ነው። እኛ ጋ ግን ከአምስት ዓመት በፊት የተገዛ ፍሪጅ አገልግሎ አገልግሎ ዛሬ ከተገዛበት በላይ ይሸጣል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ የስልክና የላፕቶፕ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም አይተናል።

ታዲያ ፍሪጁን በ12,000 ገዝቶ በ30,000 የሸጠ ሰው ነገደ? አልነገደም። የገዛው ወተቱን ሊያቀዘቅዝበት ነው። ዋጋውን የጨመረው የብሩ መርከስ ነው። የገቢ ግብር አዋጁም ሲወጣ ካፒታል ንብረት በማስተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ የጣለው ግብር ቤትን በመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ነው፤ የቤት ዕቃን አልዘረዘረም። የሚታየው በምን ያህል ሸጥከው ብቻ አይደለም። ስትገዛው ለምን ነበር የሚለው ይቀድማል።

በተቃራኒው፣ ከስሬያለሁ ማለትም ነጋዴነትን አያስቀርም። ሊያተርፍ ገዝቶ የከሰረ ሰው የከሰረ ነጋዴ ነው።

ስንት ዕቃ ስሸጥ ነው? ቁጥር አለው?

በሕጋችን ውስጥ «ከዚህ ቁጥር በላይ የሸጠ ነጋዴ ነው» የሚል መስመር አልተቀመጠም። ነገሩን የሚያደናግረውም ይሄ ነው። ጥያቄው ግን የኛ ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ እስከ ኅብረቱ ፍርድ ቤት የደረሰ አንድ ጉዳይ አለ፤ እኛን ባይገዛንም ለማሰብ ይረዳል።

ነገሩ የተነሳው ቡልጋሪያ ነው። አንድ ሰው በታወቀ የሽያጭ ድረ ገጽ ላይ ያገለገለ የእጅ ሰዓት ይገዛል። ሰዓቱ ማስታወቂያው ላይ የተባለውን አይደለም። «ልመልስ» ሲል ሻጯ እንቢ አለች። ገዢው ለሸማቾች ጥበቃ ተቋም ከሰሰ። ተቋሙ ሲያጣራ ሻጯ በገጹ ላይ በአንድ ጊዜ ስምንት የተለያዩ ዕቃዎችን አውጥታ አገኘ። «ነጋዴ ነሽ፤ ነጋዴ ደግሞ ለገዢ ማሳወቅ ያለበትን አላሳወቅሽም» ብሎ ቀጣት። እሷም «ዕቃዬን ነው የሸጥኩት» ብላ ተከራከረች።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2018 በሰጠው ውሳኔ፣ ስምንት ማስታወቂያ ስላወጣች ብቻ ነጋዴ አትባልም አለ። ትርፍ መፈለግም ብቻውን አይበቃም አለ። የሀገሩ ዳኛ እያንዳንዱን ጉዳይ ከነሁኔታው እንዲመዝን ነገረው። ከሰጣቸው መመዘኛዎች ዋና ዋናዎቹን በኛ ቋንቋ እናስቀምጣቸው፦

• ሽያጩ የተደራጀ ነው ወይስ እንደነገሩ የሆነ?
• የተሸጠው ለማትረፍ ነው?
• ሻጩ ስለ ዕቃው ገዢው የሌለው እውቀት አለው?
• ዕቃውን የገዛው መልሶ ለመሸጥ ነው?
• ሽያጩ ይደጋገማል? በአንድ ጊዜ ብዙ ነው?
• ዕቃዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ የተለያዩ?
• ሻጩ ከጀርባው ላለ ነጋዴ እየሸጠ ክፍያ ይቀበላል?

አንዱ ስለተሟላ ነጋዴ አይባልም፤ አንዱ ስለጎደለም ነጻ አይወጣም። ሁሉም አንድ ላይ ይመዘናል። ስለ ዓይነት የሚጠይቀው መመዘኛ ጥሩ ነው። ቤቱን የሚያፈርስ ሰው አልጋ፣ መጋረጃ፣ ድስትና ብስክሌት ይሸጣል፤ ዝብርቅርቅ ነው። 14 ጥንድ ጫማ ከ38 እስከ 44 ቁጥር የሚሸጥ ሰው ግን የራሱን እግር ዕቃ እየሸጠ አይደለም።

እስቲ ሰዎችን አስበን እንመዝን

*ወደ ውጭ የምትሄደዋ።* ቪዛዋ መጥቶ የቤቷን ዕቃ በሙሉ፣ 40 ዓይነት፣ በአንድ ሳምንት ሸጠች። ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ብሩም ብዙ ነው። ነጋዴ አይደለችም። የሷ ነው፣ ተገልግላበታለች፣ አይደገምም።

*በየዓመቱ ስልክ የሚቀይረው።* አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ይሸጣል። ነጋዴ አይደለም። ተደጋጋሚነት አለ፤ ግን ሊጠቀምበት ነው የሚገዛው።

*ከዱባይ የሚላክለት።* እህቱ በየሁለት ወሩ ሦስት አራት ስልክ ትልክለታለች፤ ከነካርቶኑ ይሸጣል። ይሄ ንግድ ነው። ከዚህም በላይ ለግል መገልገያ ተብሎ ያለ ቀረጥ የገባ ዕቃ ለሽያጭ ሲውል ከጉምሩክ ጋርም ያጣላል።

*ጃኬት የምትሸጠው ተማሪ።* በወር ሁለት ጃኬት ነው የምትሸጠው። ግን የገዛችው ልትሸጠው ነው፣ ይደጋገማል፣ ትርፍ አለው። ትንሽ ናት፤ ሆኖም ሚዛኑ ወደ ንግድ ነው የሚያደላው። «ትንሽ ነጋዴ» እና «ነጋዴ ያልሆነ» አንድ አይደሉም።

*የሰው ዕቃ የሚለጥፈው።* አንድ ጊዜ ለጎረቤቱ ሶፋ ገዢ አገናኝቶ የሻይ ቢቀበል ውለታ ነው። ቻናል ከፍቶ፣ ስም አውጥቶ፣ በየቀኑ ከሱቅ ፎቶ እያነሳ ኮሚሽን ከበላ ድለላ ነው፤ ድለላ ደግሞ ንግድ ነው።

ለገዢው ምን ይለውጣል?

እስካሁን ስለ ሻጩ ነው ያወራነው። ጉዳዩ ግን የገዢም ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግዴታ የሚጥለው በነጋዴ ላይ ነው። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ አለበት፤ ደረሰኝ መስጠት አለበት። ጉድለት ያለበት ዕቃ የሸጠ እንደሆነ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ «ቀይርልኝ ወይም ገንዘቤን መልስ» ማለት ይችላል። «ዋጋ በኢንቦክስ» እና «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚሉት ሁለት የተለመዱ አባባሎች፣ ከነጋዴ አፍ ሲወጡ ከዚህ ሕግ ጋር ይጋጫሉ።

ሻጩ ተራ ሰው ሲሆን ይሄ ጥበቃ የለም። ያኔ የሚያገለግለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም ቢሆን ሻጭ ዕቃው ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ነው ይላል፤ ገዢም ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ የሸጠ ሰው «አይመለስም ብዬህ ነበር» ብሎ አያመልጥም። ችግሩ፣ እዚህ መንገድ ላይ የሸማቾች ጉዳይ የሚያይ ቢሮ አያግዝህም። ፍርድ ቤት ሄደህ ራስህ ነህ የምትከራከረው፤ ለ6,000 ብር ስልክ ማን ይሄዳል?

እኔም በዚህ በኩል ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ ባልነበረኝ ጊዜ ያገለገሉ ስልኮች እየገዛሁ እሸጥ ነበር፤ አምስት ስድስት ቢሆኑ ነው። አንዱን የገዛኝ ልጅ በሦስተኛው ቀን ደውሎ «ቻርጅ አይዝም» አለኝ። «ያገለገለ ዕቃ ነው፣ እኔ ሱቅ የለኝም» ብዬ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ከላይ ባሉት መመዘኛዎች ራሴን ስለካ፣ ሱቅ ባይኖረኝም ነጋዴ ነበርኩ። ልጁ ሊጠይቀኝ የሚችለውን መብት ነው «ሱቅ የለኝም» በሚል ቃል የነጠቅኩት።

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። ነጋዴ ሆንክም አልሆንክ፣ የተሰረቀ ዕቃ መቀበልና መሸጥ ወንጀል ነው። ዕቃው የተሰረቀ መሆኑን ማወቅ ሲገባህ «አላወቅኩም» ማለትም ላያድንህ ይችላል። ያገለገለ ስልክ ስትገዛ ካርቶኑን፣ የግዢ ደረሰኙን ወይም የሻጩን መታወቂያ ፎቶ መያዝ ልመዱ።

ውጭ ሀገር ለምትኖሩ

በኢቤይ፣ በቪንትድ ወይም በፌስቡክ የምትሸጡ አንባቢዎች ቁጥር ትሰማላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮችና በእንግሊዝ የሽያጭ ድረ ገጾች በዓመት 30 እና ከዚያ በላይ የሸጠ ወይም ከ2,000 ዩሮ ገደማ በላይ ያገኘ ሻጭን መረጃ ለግብር ባለሥልጣን ያሳውቃሉ። በአሜሪካ የክፍያ ድርጅቶች የሚልኩት ቅጽ መነሻ ወደ 600 ዶላር ሊወርድ ነበር፤ በ2025 በወጣ ሕግ ወደ ቀድሞው፣ ማለትም ከ20,000 ዶላር በላይ እና ከ200 ሽያጭ በላይ፣ ተመልሷል።

እነዚህ ቁጥሮች የማሳወቂያ መስመር እንጂ የነጋዴነት መስመር አይደሉም። የገዛ ልብሱን 35 ጊዜ የሸጠ ሰው ስሙ ቢላክም በዚያ ብቻ ግብር አይመጣበትም። 10 ጊዜ ብቻ የሸጠ፣ ግን ለትርፍ የገዛ ሰው ደግሞ ስሙ ባይላክም ሊጠየቅ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ንግድ የሚገኝ በግብር ዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ጠቅላላ ገቢ ነጻ ነው። እንዲህ ያለ ግልጽ የእፎይታ ቁጥር ለትንንሽ የኦንላይን ሻጮች እኛም ቢኖረን ብዙ ወጣት ከመደበቅ ወጥቶ ይሠራ ነበር።

ታዲያ ምን ላድርግ?

*የራስህን ዕቃ ከሆነ የምትሸጠው፦* ሽጥ። የገዛህበት ደረሰኝ ካለ አትጣለው። ማስታወቂያው ላይ ያገለገልክበትን ጊዜና ያለበትን ጉድለት ጻፍ። ከገዢው ጋር የተጻጻፋችሁትን አታጥፋ።

*ገዝተህ መሸጥ ከጀመርክ፦* ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዝ። ቀን፣ ዕቃ፣ የተገዛበት፣ የተሸጠበት፣ የማድረሻ ወጪ። ሦስት ወር ከጻፍክ በኋላ ደብተሩ ራሱ ነጋዴ መሆን አለመሆንህን ይነግርሃል። የሽያጭ ብርህንም ከግል ብርህ ለይ፤ አለበለዚያ እናትህ የላኩልህ ገንዘብና የጫማ ሽያጭ በአንድ ሂሳብ ተቀላቅሎ ማስረዳት ያቅትሃል።

*ሥራው ከቀጠለ፦* የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጣና የንግድ ፈቃድ ጠይቅ። ስትሄድ «ኦንላይን ነው የምሸጠው» ብለህ የሥራ መደቡንና የአድራሻውን ጉዳይ በግልጽ አንሳ፤ ሱቅ ለሌለው ሰው አስቸጋሪው የአድራሻ ማረጋገጫው ነው። የግብር ከፋይ ደረጃዎች በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ስለተለወጡ፣ የድሮውን «ደረጃ ሐ» ስሌት ይዘህ አትሂድ፤ የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱን አዲሱን ጠይቅ።

*ገዢ ከሆንክ፦* ከመክፈልህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ «የራስህ ነው ወይስ ትሸጣለህ?» መልሱን በጽሑፍ አስቀር። ችግር ሲመጣ የትኛው ሕግ እንደሚሠራልህ የሚወስነው እሱ ነው።

ራስህን የምትፈትሽበት ጥያቄም ያው ነው። ዕቃውን ስትገዛ ልትጠቀምበት ነበር ወይስ ልትሸጠው? ልትሸጠው ከሆነና ከደጋገምከው፣ ከበሩ ውጭ ጆንያ ይዘህ ከቆምከው ወገን ነህ። ቆራሌው ደግሞ ሥራውን አይደብቅም፤ ገና ከሩቅ እየጮኸ ነው የሚመጣው።